መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ መኪናውን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደወይን፣ በሞጣና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ይህ ሳምንታዊ ዝግጅታችን ለእናንተ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው አስፋልቱ ካበቃበት ስለሚጀምረው መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የትኛው መኪና ይሻላል? የገዛነውን መኪና ለአገራችን መሬት እንዲመች እንዴት እናስተካክለው? ገንዘባችንን የቱ ላይ እናውጣ? የቱንስ እንተው?

"እኔ መኪና የለኝም፤ ምን አገባኝ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ አስቡት። በሐምሌ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው አምቡላንስ በየትኛው መንገድ ይመጣል? ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ወደ ቀበሌ የሚገባው በምንድን ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ነገ ፒክ አፕ ይግዛ ቢባል ድምፅ የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁም? ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ዋናውን ነጥብ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ደጋግሜም አነሳዋለሁ። መጀመሪያ መሬቱን እወቁ። ቀጥሎ መኪናውን ምረጡ። ለውጡን በመጨረሻ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ትልልቅ ጎማ ያስገባል፣ መኪናውን ከፍ ያስደርጋል፣ ከፊቱ ብረት ያስበይዳል። ክረምት ሲገባ ግን ያው መኪና ዋልካ ውስጥ ተቀርቅሮ በበሬ ይጎተታል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ከመሬቱ እንጀምር። ምሥራቅ ጎጃም አንድ ዓይነት መሬት አይደለም። በስተ ምዕራብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ተራራ አለ። በስተ ምሥራቅ ዓባይ በጥልቅ ሸለቆው ይዞረናል። በመካከል ቢቸናና ሞጣ ያሉበት፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ደጋማ ሜዳ ተዘርግቷል። ከጮቄ የሚነሱት ወንዞች፣ ሱሃና ሙጋን የመሳሰሉት፣ ይህን ሜዳ እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ።

ስለዚህ አንድ መኪና በአንድ ቀን ጥቁር ጭቃ፣ ቁልቁለት፣ ድንጋያማ ዳገትና ወንዝ ሊገጥመው ይችላል። እናንተ በብዛት የምትሄዱት በየትኛው ላይ ነው? መልሱን በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

(ድምፅ፦ ዝናብ፤ ጭቃ ውስጥ ባለበት የሚሽከረከር ጎማ)

አቅራቢ፦ ይህን ድምፅ የማያውቅ የቢቸና ሰው የለም። የእነማይ ሜዳ ጥሩ ጤፍ የሚያበቅለው በጥቁር አፈሩ፣ በዋልካው፣ ነው። ያው አፈር ግን ለመኪና ፈተና ነው። ለምን?

ይህ አፈር ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ በብዛት አለው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ለዚህ ነው። በክረምት ደግሞ ውሃውን ይዞ አይለቅም። ሲረግጡት ይጣበቃል፤ ሲጫኑት ይንሸራተታል። ጭቃው በጎማው ጥርስ መሐል ሲሞላ ጎማው እንደ ተላጨ ራስ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ አዲስ ጎማም ጥርሱ ካለቀ ጎማ አይሻልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በዋልካ ላይ የመጀመሪያው መፍትሔ ጎማ ነው። ጥርሱ ጥልቅ፣ በጥርሶቹ መሐል ሰፊ ክፍተት ያለው የጭቃ ጎማ ምረጡ። ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ጎማው ሲዞር ጭቃውን ወርውሮ ራሱን ያጸዳል።

ጎማው ሰፊ ይሁን ወይስ ጠባብ? ብዙዎች ሰፊ ነው የሚሻለው ይላሉ። በሰኔ መጀመሪያ ግን ዝናቡ የሚያርሰው የላይኛውን አፈር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ገና ጠንካራ መሬት አለ። ያን ጊዜ ጠባብ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን ይረግጣል፤ ሰፊው ከላይ ይንሳፈፋል። ሃርድቶፕ የምንለው ላንድክሩዘር ለረጅም ዘመን በጠባቡ 7.50 በ16 ጎማ ሲሠራ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በነሐሴስ? በነሐሴ አፈሩ እስከ ታች ርሷል፤ ጎማው ሰንጥቆ የሚደርስበት ጠንካራ መሬት የለም። ያን ጊዜ የጎማውን አየር መቀነስ ይረዳል። በአስፋልት 35 ፒ.ኤስ.አይ. የሚሞላውን ወደ 25 ዝቅ ብታደርጉት ጎማው መሬቱን የሚይዝበት ወለል ይረዝማል። ግን ልብ በሉ! አየር ቀንሳችሁ አትፍጠኑ፣ ከባድ ጭነትም አትጫኑ። ደረቅ መንገድ ስትደርሱ መልሳችሁ ሙሉ። ለዚህም የአየር መሙያ ከመኪናው አይለይ። ለክፉ ቀን ደግሞ በጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት፣ አካፋ፣ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድና ሁለት ወፍራም ሳንቃ ያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ዝናቡ እንዳቆመ ወዲያው በዋልካ መንገድ ላይ መኪና አትንዱ። ጎማው ጥልቅ ሰርጥ ያወጣል፤ በሰርጡ ውሃ ይተኛል፤ በማግስቱ አምቡላንሱም ጋሪውም ማለፍ ያቅተዋል። ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ መጠበቅ ለራስም ለጎረቤትም ይጠቅማል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንውረድ። ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነስቶ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ይህ ዋና መንገድ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ቆላው ቀበሌዎች ስትወርዱም ቁልቁለቱ ያው ነው፤ መንገዱ ግን ጠጠር ነው።

በቁልቁለት መኪናን የሚይዘው ምንድን ነው? ፍሬን? ፍሬን ብቻ አይደለም። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል አቅሙን ያጣል፤ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ገና ሳትጀምሩ፣ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ግቡ። መኪናውን በማርሽ ይዛችሁ ውረዱ፤ ፍሬኑን እየረገጣችሁ ልቀቁት። በጠጠሩ ቁልቁለት ደግሞ ፎር ሎው የሚባለው ዝቅተኛ ማርሽ ትልቅ ጓደኛ ነው።

ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ለመቆም ይረዳል ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ፣ ይህን በደንብ ስሙኝ። አይረዳም። አራቱም ጎማ ሲጎትት መኪናው ለመነሣትና ለመውጣት ይበረታል። ሲቆም ግን የሚቆመው እንደ ማንኛውም መኪና በፍሬኑና በጎማው ነው። ዳገት በቀላሉ ስለወጣ ቁልቁለትም በቀላሉ ይወርዳል ማለት አይደለም።

ዳገቱንስ እንዴት እንውጣ? በዓባይ በረሃ ሙቀት ጭነት ይዞ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል። ራዲያተሩን አጽዱ። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የጤፍ ውቂያ ሲሆን፣ ገለባው በራዲያተሩ ቀዳዳዎች ይሰገሰጋል። ቺንጋውን አሳዩ። የፍሬን ዘይቱን ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚሄድ ቶሎ ይፈላል።

(ድምፅ፦ በድንጋያማ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና)

አቅራቢ፦ ሦስተኛው መሬት የጮቄ ግርጌና ከሞጣ ወደ ላይ ያለው ደጋ ነው። ጮቄ ጥንት እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው፤ ድንጋዩ ጥቁርና ጠንካራ ነው። በዚህ መሬት የሚጎዳው የጎማው ጎን፣ አሞርዛተሩና ከሞተሩ ሥር ያለው ኮፓ፣ ማለትም የሞተር ዘይት መያዣው፣ ነው። ኮፓው በድንጋይ ከተመታ ዘይቱ ይፈሳል፤ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ በደቂቃዎች ይነክሳል።

ለዚህ መሬት ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ርካሹ ነው። ከሞተሩና ከካምቢዮው ሥር ወፍራም የብረት መከላከያ ማሰር ነው። ቀጥሎ ጎኑ የጠነከረ ጎማ። ቀጥሎ ጥሩ አሞርዛተር።

ከፍታው ሌላም ነገር ያስከትላል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 ከመቶ ገደማ ያጣል። ይህ ማለት ቢቸናና ሞጣ ላይ ብቻ ሩብ ያህሉ ጉልበት የለም ማለት ነው። ጮቄ ላይ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን ጉድለት በብዙ ይሸፍናል።

አሁን ነገሩን ከትልቅ ጎማ ጋር አያይዙት። ከፋብሪካው መጠን በጣም የሚበልጥ ጎማ ስታስገቡ እያንዳንዱ ማርሽ ይከብዳል፤ ሞተሩ ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይጠየቃል። ያ ሞተር ከመጀመሪያውም ሩቡን አጥቷል። ዳገቱ ላይ ምን ይሆናል? ይደክማል፣ ይግላል፣ ፍሪሲዮኑ ይበላል። ፍሬኑም ከበፊቱ የከበደ ጎማ ማቆም አለበት። ለዚህ ነው ከፋብሪካው መጠን አትራቁ የምላችሁ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እስካሁን ምን አልን? ለዋልካ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማና ትዕግሥት። ለቁልቁለት፣ ዝቅተኛ ማርሽና ጤነኛ ፍሬን። ለድንጋይ፣ የሥር መከላከያና ጠንካራ ጎማ። መጀመሪያ መሬቱን!

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ገዢ የሚመርጠው በአብዛኛው ቀድመው ከገቡት ያገለገሉ መኪኖች ነው። ስለዚህ ከውበቱ በፊት ሻንሲውን እዩ። የተበየደ፣ የተሰነጠቀ ወይም ዝገት የበላው ሻንሲ ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ብዙ የወረዳ አምቡላንስ ሃርድቶፕ የሆነው፣ ብዙ መሥሪያ ቤትም የሚጠቀምበት ለምንድን ነው? ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረት የኖረ መኪና ነው። ብዙዎቹ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር አላቸው። ይህ ሞተር ፈጣን አይደለም፤ ግን ጉልበቱን የሚሰጠው በዝግታ ሲዞር ነው፤ ለጭቃና ለዳገት የሚፈለገውም ይኸው ነው። ለመጠገንም ውስብስብ አይደለም። ጉድለቱ ዋጋው፣ የናፍታ ፍጆታውና ክብደቱ ነው።

ሃይሉክስ ፒክ አፕ ለጭነትም ለሰውም ይሆናል። ቱርቦ ያለው ከሆነ በደጋው ይበረታል። ባዶውን ሲሄድ ግን ከኋላ ቀላል ስለሆነ በጭቃ ይንሸራተታል። በክረምት ባዶ ከምትነዱት፣ ከኋላ ዘንግ በላይ ጥቂት ኩንታል ጭናችሁ በደንብ እሰሩት።

ቀላል መኪኖችስ? አሮጌው ባለ ሻንሲ ቪታራ ቀላል ነው፤ ዝቅተኛ ማርሽም አለው፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ጥሩ ነው። ስሙ ቪታራ የሆነ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ አዲሶቹ ዝቅተኛ ማርሽ የላቸውም። ራቭ ፎርም እንዲሁ ነው። ለጠጠር መንገድ ምቹ ናቸው፤ ለነሐሴ ዋልካ ግን አልተሠሩም። ከመግዛታችሁ በፊት ጋቢናው ውስጥ ግቡና ፎር ሎው የሚል ምልክት እንዳለ እዩ፤ ከዚያ አስገብታችሁ ሞክሩት። ለብቻው ለሚሄድ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ደግሞ ሞተር ሳይክል ይበቃዋል፤ ቀላል ስለሆነ ቢቀረቀርም አንድ ሰው ያወጣዋል።

ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። አንደኛ፣ መለዋወጫው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ይገኛል? ሁለተኛ፣ በአቅራቢያችሁ ያለ መካኒክ ያውቀዋል? መለዋወጫው የማይገኝለት መኪና፣ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይከርማል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን የመጨረሻው፣ ለውጡ። ብር በእጃችሁ አለ እንበል። በየትኛው ቅደም ተከተል ታወጡታላችሁ?

መጀመሪያ፣ ያለውን አድሱ። ፍሬን፣ መሪ፣ አሞርዛተር፣ ባሌስትራ፣ ራዲያተር። ያረጀ ነገር ላይ አዲስ ዕቃ መጨመር ትርፉ ወጪ ነው።

ሁለተኛ፣ ጎማ። ስኮርት ጎማውም ከአራቱ ጋር እኩል ይሁን።

ሦስተኛ፣ የሥር መከላከያና ከፊትም ከኋላም ከሻንሲው ጋር የታሰረ ጠንካራ መጎተቻ። ገመድን በመከላከያ ብረት ወይም በላላ መንጠቆ ላይ አትሰሩ፤ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። ሲጎተትም ሰው ከገመዱ ይራቅ።

አራተኛ፣ አቅም ከፈቀደ፣ የኋላውን ሁለት ጎማ አንድ ላይ የሚያዞር የዲፈረንሻል ሎክ። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ባለበት ሲሽከረከር ሌላው እንዲጎትት ያደርጋል። ጭቃው ላይ ብቻ አስገቡት፤ ደረቅ መንገድ ስትደርሱ አውጡት።

መኪናን በገመድ የሚጎትተው ዊንችና የፊት የብረት መከላከያስ? ሁለቱ አንድ ላይ እስከ አንድ ኩንታል ሊመዝኑ ይችላሉ፤ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በፊት ጎማ ላይ ነው። ብቻውን ሩቅ ለሚሄድ መኪና ዊንች ይጠቅማል፤ ለሌላው አካፋና ገመድ ይበቃል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚቆለል ጭነትም መኪናውን ከላይ ያከብደዋል፤ በጎን ተዳፋት ላይ ይገለብጠዋል። ከባዱን ታች፣ ቀላሉን ላይ!

መኪናውን ከፍ ማድረግስ? ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲነሳ የመዞሪያ ዘንጎቹ ይጣመማሉ፣ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፣ መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። ቅርጹን ወይም ቁመቱን ከመቀየራችሁ በፊትም የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤታችሁን ጠይቁ፤ በዓመታዊው ምርመራ ይታያል።

(ድምፅ፦ የሞላ ወንዝ)

አቅራቢ፦ ስለ ወንዝ አጥብቄ እናገራለሁ። ስኖርክል፣ ማለትም ሞተሩ አየር ከላይ እንዲስብ የሚያደርገው ቱቦ፣ በበጋ አቧራ ይቀንሳል፤ በክረምትም ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ይረዳል። ውሃ የገባበት ሞተር ፒስተኑ ውሃውን መጭመቅ ስለማይችል ይሰበራል። ግን ስኖርክል መኪናውን ከጎርፍ አያድንም። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ፈጣን ውሃ መኪና ሊወስድ ይችላል። ፎር ዊል ድራይቭም ቢሆን!

የእኛ አገር ወንዝ ደግሞ ምሥጢር አለው። እናንተ በቆማችሁበት ፀሐይ ቢሆንም ጮቄ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውሃው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ሲመጣ፣ ከላይ ጎርፍ አለ ማለት ነው። አትግቡ። የወንዙን ጠባይ የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ጠይቁ። በእግር የማይሻገሩትን ወንዝ በመኪና አይሞክሩትም።

ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላም ፍሬኑን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ አድርቁ። የዲፈረንሻሉን ዘይት አሳዩ፤ ነጭ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ወዲያው ይቀየር።

መኪና የማይደርስበትም ቦታ አለ። ከሞጣ በኩል ወደ ዓባይ ሲወረድ ያለውን ሰባራ ድልድይ አስቡት። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰብሮ፣ ሰዎች ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተቱ ሲሻገሩ ኖረዋል። እንዲህ ላለው ቦታ መፍትሔው ድልድይ እንጂ የተሻሻለ መኪና አይደለም። ለመኪና የምናወጣው ገንዘብና ጉልበት ለቀበሌያችን መንገድና ለቦዩ ጠረጋ የምናወጣውን እንዳያስረሳን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን እየተገባደደ ነው። እንደገና ላስታውሳችሁ። መጀመሪያ መሬቱን እወቁ። ቀጥሎ ለመሬታችሁ የሚሆነውን፣ መለዋወጫውም የሚገኘውን መኪና ምረጡ። ለውጡን በመጨረሻ፣ ከጎማና ከፍሬን ጀምራችሁ አድርጉ።

ቅድም በልባችሁ የያዛችሁት መልስ አለ? በብዛት የምትሄዱበት መሬት የትኛው ነው? ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ወይም ከማኅበራችሁ አባላት ጋር ተነጋገሩበት። ሹፌሮች ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጎማና ፍሬናችሁን አሳዩ። ተሳፋሪዎች ሹፌሩ ወደ ሞላ ወንዝ ሊገባ ሲል ዝም አትበሉ፤ "ውረድ፤ እንጠብቅ" በሉት። አንድ ሰዓት መጠበቅ ሕይወት ያድናል።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ድረስ፣ በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)